በሰፈር ግሮሰሪ ነጻ የፊልም ምሽት፦ ከባለቤቱ ድርድር እስከ ዳይሬክተሩ ጥያቄና መልስ

ሰኞ ማታ የአዲስ አበባ ግሮሰሪዎች ጭር ይላሉ። ቅዳሜና እሑድ በኳስ ሲጨናነቅ የከረመው ቤት ሰኞ ላይ ሦስት ደንበኛ፣ አንድ የደከመው አስተናጋጅና ድምፁ የተዘጋ ቴሌቪዥን ብቻ ይቀረዋል። በሌላ በኩል ከተማው ውስጥ መታያ ያጣ ፊልም ሞልቷል። የተመራቂ ተማሪዎች አጫጭር ፊልሞች አሉ። ፌስቲቫል ላይ አንዴ ታይተው ሃርድ ዲስክ ውስጥ የቀሩ ዘጋቢ ፊልሞችም አሉ። ይህ መመሪያ ሁለቱን ስለማገናኘት ነው። በር ላይ ማንም አይከፍልም። ፊልሙ ሲያልቅ የሠራው ሰው ተነስቶ ይጠየቃል።

ነገሩ ለእኛ አዲስ አይደለም። ቪዲዮ ቤት ገብቶ አግዳሚ ላይ ተጠጋግቶ ፊልም ያየ ትውልድ ዛሬም አለ። ዲኤስቲቪ ቤት ደግሞ ሰውና ስክሪን አንድ ክፍል ውስጥ ማሰባሰብን ከማንም በላይ ያውቅበታል። ፊልም ሠሪዎቻችንም ፊልማቸውን ይዘው ሰው ወዳለበት መሄድን ያውቃሉ። ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ በ1993 እ.ኤ.አ. ለወጣው «ሳንኮፋ» አሜሪካ ውስጥ አከፋፋይ ሲያጡ፣ ከባለቤታቸው ከሽሪኪያና አይና ጋር አዳራሽ እየተከራዩ ከተማ ለከተማ ዞረው አሳይተውታል። ኋላም ዋሽንግተን ውስጥ ጆርጂያ አቬኑ ላይ በዚያው ስም የመጻሕፍትና የቪዲዮ መደብር ከነካፌው ከፈቱ። የእኛ ሥራ ከዚያ በብዙ ያነሰ ነው። አንድ ግድግዳ፣ አንድ ፕሮጀክተርና አንድ እሺ የሚል ባለቤት ይበቃናል።

መጀመሪያ ሰዓቱን ከታክሲው ወደ ኋላ ቁጠሩት

ብዙ ሰው ዕቅዱን ከፊልሙ ይጀምራል። እኔ ከታክሲው ጀምሩ ባይ ነኝ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ በብዙ መስመር ሚኒባስ ይሳሳል። ራይድ ለመጥራት ደግሞ የሁሉም ኪስ አይፈቅድም። ስለዚህ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲል ሰው ስልኩን እያየ መቁነጥነጥ ይጀምራል። ውይይቱን ያኔ ከከፈታችሁት ዳይሬክተሩ የሚያወራው ለባዶ ወንበር ነው።

ስለዚህ ውይይቱ 2፡35 ላይ ያልቃል እንበል። አርባ አምስት ደቂቃ ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ 1፡50 ላይ ይጀመራል። ከዚያ በፊት ለመጸዳጃና ለትዕዛዝ የሩብ ሰዓት እረፍት አለ። ፊልሙ ከ12፡30 በፊት አይጀመርም፤ አልጨለመም፣ ሰውም ከሥራ አልደረሰም። የቀረው ጊዜ 65 ደቂቃ ነው። በቃ፣ የፊልማችሁ ጣሪያ ይህ ነው። ሁለት ሰዓት የሚፈጀው ፊልም የቱንም ያህል ቢወደድ ለዚህ ምሽት አይሆንም። ሦስት አጫጭር ፊልሞች ወይም አንድ የሰዓት ዘጋቢ ፊልም ልክ ይመጣል።

ቀኑ ሰኞ የሆነበት ምክንያትም ግልጽ ነው። ቅዳሜና እሑድ ፕሪሚየር ሊግ አለ። ማክሰኞና ረቡዕ ሻምፒዮንስ ሊግ፣ ሐሙስ ዩሮፓ ሊግ ነው። ዓርብ ቤቱ በራሱ ይሞላል፤ ባለቤቱ እናንተን አይፈልግም። ሰኞም ቢሆን አልፎ አልፎ የእንግሊዝ ጨዋታ ይገባበታልና ፕሮግራሙን ሳታዩ ቀን አትቁረጡ። አርሰናል በሚጫወትበት ምሽት ፊልም አሳያለሁ ማለት ጠብ መፈለግ ነው።

የክረምቱን ነገር አትርሱ። ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ ሐምሌና ነሐሴን ተዉት። ዝናቡ ሲወርድ የትኛውም ስፒከር አይችለውም። ሁዳዴ ላይ ደግሞ ጠጪው ይቀንሳል። አንዳንዱ ባለቤት በዚህ ምክንያት ደስ ብሎት ይቀበላችኋል፣ አንዳንዱ ቤቱን ለእድሳት ይዘጋል። ቀድማችሁ ጠይቁ።

ቤቱን ቁጭ ብላችሁ ምረጡ

አንድ ሰኞ ማታ ሄዳችሁ ተቀመጡ፣ የምትጠጡትን እዘዙና ጆሯችሁን ስጡ። ፍሪጁ ይጮኻል? ወጥ ቤቱ በር አለው ወይስ መጋረጃ ብቻ? የማኪያቶ ማሽኑ የት ነው? መንገዱ ዳር ከሆነ ሚኒባሶቹ እዚያው በር ላይ ነው ወይ የሚጠሩት? ከዚያ ዓይናችሁን ወደ ግድግዳው አንሱ። የሚያስፈልገው ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ስፋት ያለው፣ ምሰሶ የማይጋርደው፣ ከባንኮኒው ኋላ ያልሆነ ግድግዳ ነው። የመጸዳጃ ቤቱ በር ከስክሪኑ አጠገብ ከሆነ ቤቱን ተዉት። አንድ ሰው ለመውጣት በተነሳ ቁጥር የግማሹ ተመልካች ዓይን አብሮት ይሄዳል።

ኮንዶሚኒየም ሥር ያሉ ግሮሰሪዎች ለዚህ ይመቻሉ፤ ሰፋ ያሉ ናቸው፣ የጣሪያ ጩኸት የለም። ግን ላይ ሰው ይኖራል። የስፒከሩን ባስ፣ ማለትም ወፍራሙን ድምፅ፣ ቀንሱ፤ አንደኛ ፎቅ ላይ ያሉትን ጎረቤቶችም ቀድማችሁ ጋብዙ። የተጋበዘ ጎረቤት ኮሚቴ ጋ አይከስም።

አንድ ነገር ላይ ግን ጊዜ ውሰዱ። ብዙ ሴቶች ግሮሰሪ ብቻቸውን አይገቡም። ቢገቡም ዓይኑ ሁሉ ወደ እነሱ ይዞራል። «ለሁሉም ክፍት ነው» ብሎ ፖስተር ላይ መጻፍ ይህን አይለውጠውም። የሚለውጠው በሩ ላይ የሚቀበል ሰው መኖሩ ነው። ከአዘጋጆቹ ቢያንስ ሁለቱ ሴቶች ይሁኑ፣ አንዷ በር ላይ ትቁም። መግቢያው መብራት ይኑረው። የሴቶች መጸዳጃ ቤቱ የሚቆለፍ መሆኑን ራሳችሁ ገብታችሁ አረጋግጡ። ሲያልቅ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄዱትን አሰባስባችሁ አብረው እንዲሳፈሩ አድርጉ። የመጀመሪያው ምሽት ወንድ ብቻ ከሆነ ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንደዚያው ይሆናል።

ከባለቤቱ ጋር መነጋገር

ንግግሩ በአብዛኛው እንዲህ ይሄዳል፦

«ጋሼ፣ ሰኞ ሰኞ ቤቱ እንዴት ነው?»

«ይኸው እንደምታየው፤ ዝንብ ማባረር ነው።»

«በወር አንድ ሰኞ ሰው ይዘን ብንመጣስ? ፊልም እናሳያለን፣ የሠራው ልጅም መጥቶ ያወያያል።»

«ፊልም ሊያይ የመጣ ሰው ይጠጣል እንዴ?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱንም አታሳምሩት። ፊልሙ እየታየ ያለ ሰው ብዙም አያዝም። ከመጀመሩ በፊትና በእረፍቱ ላይ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ያዛል። «ይህን ያህል ሰው እናመጣለን» ብላችሁ ቁጥር አትጥሩ። «አንድ ሰኞ እንሞክረው፣ ካልጣመዎት እንተወዋለን» በሉ። ጭር ባለ ምሽት የሚያጡት ነገር የለም፣ እሳቸውም ያውቁታል።

ከተስማማችሁ በኋላ የሚከተሉትን በግልጽ ተነጋገሩ። ፊልሙ ሲጀመር ሙዚቃውም ቴሌቪዥኑም ይጠፋል። ማንም እንዲያዝ አይገደድም፤ ውሃ ይዞ የተቀመጠም እንግዳ ነው። የዋጋ ዝርዝሩ እንደ ሌላው ቀን ይሁን። አስተናጋጆቹ በፊልሙ ጊዜ ጎንበስ ብለው በዳር በኩል ብቻ ይመላለሱ። ሒሳብ በእረፍቱ ላይ ይሰብሰብ፣ አለበለዚያ ውይይቱ መሀል «የማን ነው አምቦ ውሃው?» ይመጣል።

የሸክላ ጥብስን ነገር ለብቻው አንሱት። ታሪኩ ጫፍ ላይ ደርሶ፣ እናትየዋ ደብዳቤውን ከፍታ ቤቱ ሁሉ ትንፋሹን ይዞ ሳለ፣ ከወጥ ቤት በኩል ጭሱን እየለቀቀ «ጭስስስ» የሚል ሸክላ ብቅ ይላል። ሽታው ደግሞ ከድምፁ ይብሳል፤ አርባ ሰው አንገቱን ያዞራል። ጥብስ ከ12፡15 በፊት ወይም በእረፍቱ ይታዘዝ። ባለቤቶች ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ፣ ግን ይገባቸዋል።

የቤቱ ቋሚ ደንበኞች ከወንበራቸው አይነሱ። ለዓመታት እዚያች ጥግ የተቀመጡ ሰውዬ በእናንተ ፊልም ምክንያት ቦታቸው ከተነካ ቤቱን አስቀየማችሁት ማለት ነው። ይልቅ ቀድማችሁ ሄዳችሁ ንገሯቸው። ከእነሱ መሀል የሰፈሩን ታሪክ ከማንም በላይ የሚያውቅ አይጠፋም፣ ውይይቱ ላይ ይጠቅማችኋል።

«ነጻ» ማለት ማን ከፍሎ ነው?

በር ላይ ክፍያ የለም ማለት ወጪ የለም ማለት አይደለም። የፕሮጀክተር ኪራይ፣ የዳይሬክተሩ ትራንስፖርትና እራት፣ መብራት ከሄደ የጄኔሬተር ነዳጅ አለ። ማን የቱን እንደሚችል ከመጀመሪያው ምሽት በፊት ጻፉት። ጥሩ የሚባለው አከፋፈል ባለቤቱ ቦታውን፣ መብራቱንና የእንግዳውን እራት ሲችሉ፣ አዘጋጆቹ ደግሞ መሣሪያውንና ትራንስፖርቱን ሲሸፍኑ ነው። መዋጮ የምትቀበሉ ከሆነ የቴሌብር ቁጥሩን ባንኮኒው ላይ ለጥፉ፣ ከገቢው ለፊልም ሠሪው የሚደርሰውንም እዚያው ጻፉ። በፊልሙ መሀል ባርኔጣ ይዞ መዞር ግን ደስ አይልም።

የቢራ ፋብሪካ ስፖንሰር ለማግኘት የሚቸኩል አለ። ተጠንቀቁ። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በአልኮል ማስታወቂያ ላይ ጥብቅ ነው። ይኸው አዋጅ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። ተማሪዎች ከጋበዛችሁ ለስላሳውና ውሃው ይበርክት፣ አስተናጋጆቹም ይወቁት። በቤት ውስጥ ማጨስንም እንዲሁ ከልክሏል። ለእኛ በጀን፤ ጭስ የፕሮጀክተሩን ብርሃን ያደበዝዘዋል።

ፊልሙና ፈቃዱ

ከዚህ ላይ ቀልድ የለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 ሥራን ለሕዝብ የማሳየት መብቱን ለባለቤቱ ሰጥቷል። ግሮሰሪ የሕዝብ ቦታ ነው። «እኛኮ ገንዘብ አንቀበልም» ማለት ፈቃድ አይሆንም። ዩቲዩብ ላይ በነጻ መገኘቱም አይሆንም፤ የራሱ የዩቲዩብ ደንብ በአደባባይ ማሳየትን አይፈቅድም። መብቱ የፕሮዲዩሰሩ ሊሆን ስለሚችል «መብቱ በእጅህ ነው? ከማን ጋር ነው የምንነጋገረው?» ብላችሁ ዳይሬክተሩን ጠይቁ።

ደግነቱ፣ ለእንዲህ ዓይነት ምሽት የሚሆነው ፊልም በሠሪው እጅ ያለው ነው። ብሉ ናይል የፊልምና ቴሌቪዥን አካዳሚን የመሳሰሉ ማሠልጠኛዎች ተማሪዎች፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በፊልም ሁለተኛ ዲግሪ የሚሠሩ ልጆች ከዚያ የወጡ ሥራዎች አሏቸው። እነሱን መጠየቅ ቀላል ነው፣ ሰው ፊት መቅረብም ይፈልጋሉ።

ፈቃዱን በጽሑፍ ያዙት። በቴሌግራም የተላከ መልእክትም ቢሆን ከቃል ይሻላል። የፊልሙ ስም፣ ቀኑ፣ ቦታው፣ አንድ ጊዜ ብቻ መሆኑ፣ መግቢያው ነጻ መሆኑ፣ ለሠሪው የሚከፈለው ነገር ይጻፍበት። ቅጂው እንዴት እንደሚያዝም ይጨመር። ፊልም ሠሪዎቻችን ፋይል መስጠት የሚፈሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ የሰጡት ነገ ቴሌግራም ቻናል ላይ ይገኛል። ስለዚህ «ፋይሉን ራስህ ይዘህ ና፣ ስናበቃ ከላፕቶፑ አጥፍተህ ትሄዳለህ» በሏቸው። ብዙዎቹ በዚህ ይረጋጋሉ።

ወረዳውንም አስቀድማችሁ አነጋግሩ። ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቁና መልሱን ለባለቤቱ አሳውቁ። ችግር ቢመጣ የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው።

መሣሪያው

ብዙ ቤቶች ለኳስ የገዙት ትልቅ ቴሌቪዥን ወይም ፕሮጀክተር አላቸው። ሠላሳ ሰው ከሆነ ትልቁ ቴሌቪዥን ይበቃል። ፕሮጀክተር ከተከራያችሁ ከ3000 ሉመንስ (የብርሃን መለኪያ ነው) በታች አትውሰዱ፤ ግሮሰሪ እንደ ሲኒማ ጥቁር አይሆንም፣ የባንኮኒው መብራት እንደበራ መቆየት አለበት። ስክሪን ከሌለ ሳይሸበሸብ የተወጠረ ነጭ አቡጀዲ ወይም የማያብረቀርቅ ነጭ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ይሠራል።

ከምስል ይልቅ ድምፅ ነው የሚያዋርደው። ሰው የደበዘዘ ምስል ይታገሳል፤ ያልተሰማ ንግግር ግን ሁለት ደቂቃ አይታገስም፣ ወሬውን ይጀምራል። ስፒከሮቹን ከስክሪኑ ግራና ቀኝ፣ ከተቀመጠ ሰው ራስ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ቤቱ ሲሞላ ድምፅ ስለሚዋጥ በባዶ ቤት ከሞከራችሁት ትንሽ ጨምሩ።

ፋይሉን ከኢንተርኔት በቀጥታ አታጫውቱ። 1080 ጥራት ያለውን ኤምፒ4 ላፕቶፑ ላይ ገልብጡ፣ አንድ ትርፍ ፍላሽ ላይም ያዙ። ፍላሹ በፋት32 ፎርማት የተደረገ ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፤ ይህን የትዕይንቱ ቀን 12 ሰዓት ላይ ማወቅ መራራ ነው። የአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ ለብቻው በፋይል ከመጣ ቪኤልሲ በሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ላይ ክፈቱና እዩት። ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የጽሑፍ አቀማመጥ ካልተቀመጠ ወይም ላፕቶፑ የግዕዝ ፊደል ከሌለው በፊደሉ ፈንታ የአራት ማዕዘን ሰልፍ ወይም የተዘበራረቀ ምልክት ይመጣል። ከተቻለ ጽሑፉ ምስሉ ላይ የታተመበትን ቅጂ ጠይቁ። ኖቲፊኬሽን ዝጉ። የአዘጋጁ የቴሌግራም መልእክት በሁለት ሜትር ግድግዳ ላይ ሲነበብ ማየት የሚያስቀው ሌላውን ሰው ነው።

መብራት ቢሄድ? ጄኔሬተሩን ማን እንደሚያስነሳ፣ ነዳጅ እንዳለው፣ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ጠይቁ። ለፕሮጀክተሩ ትንሽ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ፣ ከተገኘ ጥሩ ነው። ካልተገኘም ችግር የለም፤ በጨለማው ውስጥ ዳይሬክተሯ ፊልሙን እንዴት እንደሠራች ማውራት ትጀምር።

ሰው መጥራት

በዚህ ላይ ብዙ አልደክምም። አንድ ፖስተር ለቴሌግራምና ለቲክቶክ፣ አንድ ፖስተር ለግሮሰሪው በር። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር «ከምሽቱ 12፡30» ብላችሁ ጻፉ፣ «ፊልሙ በሰዓቱ ይጀመራል» የሚለውንም ጨምሩበት። ከዚያ በእውነት በሰዓቱ ጀምሩ። አንዴ ግማሽ ሰዓት ከጠበቃችሁ በሚቀጥለው ወር ሁሉም ግማሽ ሰዓት አርፍዶ ይመጣል።

ውይይቱ

እስካሁን ያለው ሁሉ ለዚህ ነው። ፊልሙንማ ሰው ቤቱም ያየው ነበር።

አወያዩ ፊልሙን አስቀድሞ ያየ፣ ከዳይሬክተሩ ጋርም ቢያንስ በስልክ የተነጋገረ ይሁን። አንድ ነገር ይጠይቀው፦ «እንዳይነሳብህ የምትፈልገው ነገር አለ?» በተለይ ዘጋቢ ፊልም ላይ የተቀረጹት ሰዎች ሰፈር ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ።

መብራቱ እንደበራ «ጥያቄ ያለው?» አትበሉ። ዝም ይባላል፤ ከዚያ ያው ሁሌም የሚናገረው ሰው እጁን ያነሳል። እረፍቱ ላይ አጠገባችሁ ካለው ሰው ጋር ስለ አንድ ትዕይንት አውሩ በሏቸው። ከእረፍት ሲመለሱ አፋቸው ተፍታቷል። የመጀመሪያውን ጥያቄ አወያዩ ይጠይቅ፣ ጥያቄውም ስለተወሰነ ነገር ይሁን። «መልእክቱ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ቤቱን ያስተኛዋል። «ልጁ በሩን ሳይዘጋ የወጣው ለምንድን ነው?» የሚለው ግን ያነቃል። ዳይሬክተሩ ከመመለሱ በፊት ተመልካቹ ይሞክር። ሦስት ሰው ሦስት መልስ ሲሰጥ ሠሪው ራሱ ሲገረም ታያላችሁ።

«ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው ያለኝ» የሚል ሰው የግድ ይነሳል። አስተያየቱ ክፉ ነገር አይደለም። አሥር ደቂቃ ሲሆን ነው ክፉ። ማይኩን አትስጡት፤ አወያዩ ራሱ ይዞ አጠገቡ ይቁም። ሁለት ደቂቃ ሲያልፍ «ጋሼ፣ ይቺን ነጥብ እንያዛትና እሱ ይመልስባት» ብሎ ማዞር ይቻላል። ሰውዬው ጠጥተው ከሆነ አትከራከሩ፤ ባለቤቱን በዓይን ጥቀሱ፣ እሳቸው ያውቁበታል። ግሮሰሪ ውስጥ መሆን አንዱ ጥቅሙ ይህ ነው።

ሌላው ፈተና ይሉኝታ ነው። ሠሪው ፊት ለፊት ቆሞ ማንም «ይህ ክፍል አልገባኝም» ማለት አይፈልግም። ሁሉም «በርታ፣ ግሩም ነው» ብሎ ይቀመጣል፣ ልጁም ምንም ሳይማር ይሄዳል። ጥያቄውን ቀይሩት፦ «ከፊልሙ አምስት ደቂቃ መቁረጥ ግዴታ ቢሆን የቱን ትቆርጣላችሁ?» እንዲህ ሲባል ይሉኝታው ይለቃል፤ እንዲያውም ሁለት ጠረጴዛዎች እርስ በርስ ይከራከራሉ። በተቃራኒው ነገሩ ወደ ዘለፋ ከሄደ አወያዩ ስለ ሰውየው ሳይሆን ስለ ትዕይንቱ ተናገሩ ብሎ ይመልሰው።

ገንዘቡንም አንሱ። ካሜራውን ከየት አመጣህ? ተዋንያኑን ምን ከፈልክ? ስንት ቀን ቀረጽክ? ሰው ከምንም በላይ ይህን መስማት ይወዳል። ከተመልካቹ መሀል ቦታ የሚያውስ፣ መኪና ያለው፣ ትወና የሚሞክር የሚገኘውም በዚህ ጊዜ ነው።

2፡35 ሲል ዝጉ። ጥሩ ክርክር ላይ ቢሆንም ዝጉ። የፈለገ ባንኮኒው ጋ ይቀጥላል።

ካበቃ በኋላ

ወንበሮቹን እንደነበሩ መልሱ፣ ለአስተናጋጆቹ ጉርሻ ስጡ። ፋይሉ ከላፕቶፑ ላይ ሲጠፋ ዳይሬክተሩ ይይ። በማግስቱ ለእሱ ስንት ሰው እንደመጣና የተነሱትን ዋና ዋና ጥያቄዎች ጽፋችሁ ላኩለት፤ ፌስቲቫል ሲያመለክት ይጠቅመዋል። ከባለቤቱ ጋር የምሽቱ ሽያጭ ከሌላው ሰኞ እንዴት እንደነበር ተጨዋወቱ። ቀጣዩን ቀን እዚያው ቁረጡ፣ የኳሱንም ፕሮግራም አብራችሁ እዩት። ለነገ ብላችሁ ከወጣችሁ እሳቸውን ስልክ ላይ ማግኘት ሳምንት ይፈጃል።